ስክሪኑን ብቻ አጥፉ

የሦስት ቁጥር ማቀዝቀዣ ክፍል በር ሲከፈት ቀድሞ የወጣው ብርዱ ነው። ነጭ ሆኖ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ የጫኞቹን ጫማ ሸፍኖ አለፈ። ሰውየው አልወጣም። ከበሩ ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በግራ እጁ ካቻቢቴ እንደጨበጠ ቀርቷል። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ወለሉ አጠገብ ከተተከለው ቀይ ቁልፍ ላይ አልተነሳም። ቅንድቡ ላይ የተጋገረው አመዳይ ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላውን ሰው ሽማግሌ አስመስሎታል።

ይህ የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኢንስፔክተሩ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰ።

«ማን ነው?» አለ፣ ሳይጎነበስ።

«የማሽኖቹ መካኒክ ነው» አለ የብርድ መጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ። ከረባቱን ደጋግሞ ያስተካክላል። «ሠራተኛው አባ ጨዋታ ነው የሚለው። ማለቴ... ነበር የሚለው።»

«ያ የሚያለቅሰውስ?»

«ታላቅ ወንድሙ ነው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። ቅድም ራሱን ሊስት ደርሶ፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የተመለሰው። እኔም ደህና አይደለሁም፣ እውነቱን ለመናገር።»

ኢንስፔክተሩ በሩን አየ። የውስጥ እጀታው ሁለት ብሎኑ ወልቆ፣ እንደተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሏል። መካኒኩ ሊጠግነው ገብቶ፣ መያዙን ለመሞከር በሩን ከውስጥ ዘግቶት ይሆናል። ከውጭ በኩል፣ በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የታተመ ወረቀት አለ፦ «እጀታው ተበላሽቷል። ማንም ሰው ብቻውን እንዳይገባ!» ወረቀቱ በግራ ጎኑ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። የቀኙ ፕላስተር ተቀዷል፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ በሩ መቃን ላይ ቀርቷል።

«ይህን ማን ለጠፈው?»

«ራሱ ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጠንቃቃ ልጅ ነበር።»

ጠንቃቃ ልጅ «ብቻህን አትግባ» ብሎ ለጥፎ ብቻውን ይገባል? ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን አፉ ውስጥ አስቀረው። ወረቀቱን በላስቲክ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ቁልፉ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ሲጫነው፣ በኮሪደሩ ጫፍ ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ደወል ይጮኻል፣ እዚያ የተቀመጠው ሰውም መጥቶ ይከፍታል። ደወሉ ጮኸ። ኮሪደሩ ተንቀጠቀጠ። ጫኞቹ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንዲት ሴት አዞሩ።

ተቆጣጣሪዋ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«አልደወለም» አለች። «እናቴ ትሙት! አሁን ነው የደወለው። ቅድም አልደወለም። ከሰባት ሰዓት ጀምሬ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም!»

«ሰማችኋት?» ታላቅ ወንድሙ ከመሬት ተነሳ። «ሰማችሁ ወይ? 'አንድ ቀን እዚያው ትደርቃለህ' ያለችው እሷ አይደለችም? ሰው ሁሉ እየሰማ! በያ፣ ደረቀልሽ!»

ማንም አልተቃወመውም። ብላዋለችና።

*

ኢንስፔክተሩ ሰው ሲጠይቅ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጥ ልማድ አለው። ለማስፈራራት አይደለም፤ ሰዓት አይዋሽም የሚል የልጅነት እምነት ስላለው ነው።

«ብለሽዋል?» አላት ተቆጣጣሪዋን፣ በማግስቱ፣ ታስራ ባደረችበት ጣቢያ።

«ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ያሾፍብኝ ነበራ!» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ሦስት ቁጥር በገባ ቁጥር ቁልፉን ሦስቴ ይጫናል። ጥጥጥ! 'አለሽ?' ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ እየሮጥኩ እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት ይስቃል። 'ደወሉን እየሞከርኩልሽ ነው እኮ፣ እቱ' ይለኛል። አንድ ቀን ጫማዬ ወልቆ፣ ጫኞቹ ሁሉ ሲስቁብኝ፣ ተናድጄ ተናገርኩ። ምላስ አጥንት የለውም፣ ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ዛሬም ሲደወል፣ ያው ቀልዱ ነው ብለሽ ተውሽው።»

«ቢደወል እሄድ ነበር። ሁሌም እየተሳደብኩ እሄድ ነበር።»

«ደወሉ ግን ይሠራል። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢንስፔክተር» አለችው፣ «ሰው ሳይሰማ ሊሰማ ይችላል? ማለቴ... ጆሮዬ ሰምቶ፣ ልቤ 'ያው አባ ጨዋታ ነው' ብሎ ዝም አሰኝቶኝ ይሆን? ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ አደርኩ። አሁንስ ራሴንም ማመን አቃተኝ።»

ወንጀለኛ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም። ኢንስፔክተሩ ይህን ያውቃል፤ መዝገብ ላይ ግን አይጻፍም።

ውጭ፣ የጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ እናቷ ፔርሙዝ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«ልጄ» አሉት፣ «የእኔ ልጅ ጆሮዋ ደህና ነው። ትንሽ ሆና ጉንዳን ሲሄድ እሰማለሁ የምትል ነበረች። ጆሮዋን አትስደቡብኝ፤ ምላሷን ግን እኔም አውቀዋለሁ።»

የጣቢያው አዛዥ ደግሞ ሌላ ነገር አለው፦ «ዛቻ አለ፣ የሚሠራ ደወል አለ፣ ከወንበሬ አልተነሳሁም ያለች ሴት አለች። ምን ቀረህ? ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

ቀኑ ዓርብ ነበር።

*

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ትይዩ አድርጎ አስቀምጧል። አንዱ ትንሽ ዘወር ሲል ያቃናዋል።

«የእጀታው ብልሽት መቼ ነው የተነገረህ?»

«በቅርቡ።»

«ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ማመልከቻው መሳቢያህ ውስጥ ነው፤ ቅድም ስትከፍተው አይቼዋለሁ።»

እስክሪብቶው ተንከባለለ።

«ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ምሳ። ከስድስት እስከ ስምንት።»

«ቤትህ ደውዬ ነበር። ባለቤትህ 'ለምሳ ከመጣ እኮ ዓመቱ ነው' አሉኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። «የግል ጉዳይ ነበረኝ» ብሎ እስክሪብቶዎቹን መልሶ ያቃና ጀመር።

የበሩ ዘበኛ መዝገብ ሥራ አስኪያጁ ስድስት ሰዓት ከአምስት ወጥቶ ስምንት ከሃያ መመለሱን ያሳያል። «ግን ጌታዬ» አለ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ፣ «በጓሮ ያለው በር መቆለፊያው ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። መዝገቤ የሚያውቀው በፊት ለፊት የሚያልፈውን ሰው ብቻ ነው። ለጓሮው ዓይን አልሰጡኝም።»

«ታላቅ ወንድምየውስ?»

«እሱ የትም አልወጣም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሎ ነበር፣ እንደሚለው። ምስኪን! ያሳደገው እሱ ነው እኮ፣ አባታቸው ሲሞት።»

*

መቆጣጠሪያ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተርና የመጋዘኑ ብቸኛ ፕሪንተር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። በስክሪኑ ግንባር ላይ ዳሩ የተበላ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሎግ አውት አታድርጉ። ስክሪኑን ብቻ አጥፉ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጣቢያ ተመልሶ ተቆጣጣሪዋን ጠየቃት።

«ያ ወረቀት ምንድን ነው?»

«እሱማ ከእኔ በፊት የነበረችው የለጠፈችው ነው። ሎግ አውት ስታደርግበት ማሽኑ ያኮርፋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ነገር መሥራት ያቆማል። ያኔ 'ደወል ቀስቅስ' የምትል ምልክት አለች፣ እሷን ሁለቴ መንካት ነው። ብቻ እኔ ወጥቼበት አላውቅም። ምሳ ስሄድ ስክሪኑን አጥፍቼ እሄዳለሁ፣ ስመለስ አበራዋለሁ። ትናንትም እንደዚያው።»

«ደወሉ ሞቶ ቢሆን ታውቂ ነበር?»

«በምን? ደወሉ መስኮት የለው፣ መልክ የለው። ሲጮኽ ነው የምታውቀው።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አነሳ። ለሁለት ቀን ያህል ሁሉም ሰው ስለ ሴትዮዋ ጆሮ ነበር የሚነጋገረው። የደወሉን ጆሮ የጠየቀ የለም።

*

የደወሉን ፕሮግራም የሠራው ሰው ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ሆዳቸው የተዘረገፈ ኮምፒውተሮች መሃል ይሠራል፤ ምናልባትም እዚያው ያድራል። የሰፈሩ ሰው ዶክተር ኮምፒውተር ይለዋል። ስለ መካኒኩ ሞት ሲሰማ ብየዳውን አቆመ።

«የእኔ ደወል ነው ያልጮኸው?»

«ይጮኻል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ልጅቷ ግን አልጮኸም ትላለች። ስክሪኑ ላይ 'ሎግ አውት አታድርጉ' የሚል ተለጥፏል። ምን ማለት ነው?»

ሰውየው መበየጃውን አስቀመጠ።

«ይዘውኝ ይሂዱ» አለ። «ማሽኑን ልየው።»

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ነካካ። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር የተጻፈ ነገር ወጣ።

«ደወሉን የሚያስጮኸው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው» አለ። «ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። የማንም አይደለም። በየደቂቃው ደብተሩ ላይ 'አለሁ' ብሎ ይጽፋል። እንደዚህ እንዲጽፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ... ብቻዬን ስሠራ እንዲያው ደስ ስለሚለኝ። ይኸው፣ ያሁኑ ደብተር የሚጀምረው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው።»

«ሰውየው ከተገኘ በኋላ! ከዚያ በፊት ያለውስ?»

«እንደ አዲስ ሲነሳ አዲስ ደብተር ይጀምራል። ግን አሮጌውን አይጥለውም፤ ስሙን ቀይሮ ያስቀምጠዋል። ይኸውልዎት።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

*6:50 አለሁ።*
*6:51 አለሁ።*
*6:52 የመውጣት ምልክት ደረሰኝ። ዕቃዬን ሰብስቤያለሁ። ደህና ሁኑ።*

ከዚያ በታች ባዶ ነው። ከስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት እስከ ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ድረስ በመጋዘኑ ውስጥ «አለሁ» ያለ አልነበረም።

«ማን አጠፋው?»

«ማንም አላጠፋውም። ራሱ ነው የወጣው።» ፕሮግራመሩ መነጽሩን አወለቀ። «ማሽኑ ሁለት ዓይነት ምልክት ይልካል። አንደኛው 'አንድ ተጠቃሚ እየወጣ ነው' ይላል። ሁለተኛው 'እኔ ራሴ ልጠፋ ነውና ያላችሁን ቶሎ ሰብስቡ' ይላል። ለሁለተኛው ጥቂት ሴኮንድ ነው የሚሰጠው፤ በዚያች ጊዜ ደብተርህን ዘግተህ መሄድ አለብህ። የመጀመሪያውን ግን ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ነበረበት። አይመለከተውማ! እንግዳ 'ደህና ዋሉ' ባለ ቁጥር ዘበኛው አብሮ ከወጣ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«የአንተ ዘበኛ ይወጣል።»

«የእኔ ይወጣል። ሁለቱንም ምልክት በአንድ በር አስገባኋቸው። አንድ መስመር ነው፣ ኢንስፔክተር። ሲለያዩ ሁለት ይሆናሉ። ቤቴ ስሞክረው ብቻዬን ስለነበርኩ ከእኔ ሌላ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ እኔ የምወጣው ደግሞ ማሽኑን ሳጠፋ ነው። ልዩነቱን በምን ልየው?»

«ታዲያ ስድስት ከሃምሳ ሁለት ላይ ልጅቷ ነች የወጣችው?»

«እሷ አይደለችም። የእሷ መግቢያ አሁንም ክፍት ነው፣ ማሽኑ ከተነሳበት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ምልክቱ ማን እንደወጣ አይናገርም፤ ማንም ይሁን፣ ከወጣ ሁሉም ይሰማል። ማሽኑ ግን የራሱ መዝገብ አለው።» አገላበጠ። «ይኸው። 6:46፣ 'ዕቃ ቤት' በሚል ስም ሰው ገባ። የእሷን ሳይዘጋ፣ ከጎን። 6:52፣ 'ዕቃ ቤት' ወጣ። በሥርዓቱ ነው የወጣው፣ ሲያስተምሩን እንደሚሉን።»

«ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ላይስ የቀሰቀሰው?»

«በእሷ ክፍት መግቢያ ነው። ስም የለውም። ጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል።»

ሰውየው መነጽሩን መልሶ ማድረግ ረሳ። «እኔን ያስሩኛል?» አለ።

«እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም። እስከ ሰኞ ግን እዚህ ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። ሳትቀንስ።»

*

«ዕቃ ቤት» የሚለው ስም ያለውን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊና ሥራ አስኪያጁ። አንዱ ሲጨነቅ ፊቱ እንደ ሳሙና የሚነጣ፣ ሦስት ሳምንት ማመልከቻ የቀበረ፣ ምሳውን የት እንደበላ የማይናገር ሰው። ሌላው የሞተው ሰው ወንድም። ማንን ትጠረጥራለህ?

ኢንስፔክተሩ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁን በሩ ላይ ያዘው።

«ሐሙስ ስድስት ከሃምሳ ላይ በጓሮ ገብተህ መቆጣጠሪያ ክፍል ምን ትሠራ ነበር?»

«እኔ? በሕይወቴ በጓሮ ገብቼ አላውቅም!»

«እንግዲያው እጅህን ስጠኝ። ግድያ ነው የምጽፈው።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኝ አየ። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በሹክሹክታ፣ «በእግዜር ይሁንብህ፣ ለሠራተኛው እንዳትነግር» አለ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወረቀት ነው። የገባበት ሰዓት ስድስት ከሠላሳ፣ የወጣበት ሰባት ከሃያ፤ ማኅተም አለው። ከሥሩ በቀይ፦ «ወድቋል»። ከጎኑ በእስክሪብቶ፦ «ለሦስተኛ ጊዜ»።

«መኪናውን ሁሌ እኔ ነኝ የምነዳው እላቸዋለሁ» አለ። «ሾፌሩ ጥግ ላይ ነው የሚያወርደኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሳቁን በጉሮሮው አፈነ። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። ሁለት ሰው ነበር፤ አሁን አንድ ቀረ።

ቢሮው ገብቶ ላስቲኩን ከፈተ። የበሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ትልልቁን ፊደል ትቶ ከግርጌው ጀመረ። ጥግ ላይ፣ ፕሪንተሩ ከራሱ የሚያስቀምጣት ትንሽ ቁጥር አለች። የሐሙስ ቀን። 6:49።

ከዚያ የተቀደደውን ፕላስተር አየ። ፕላስተሩ በሩንና መቃኑን አያይዞ ነበር። በሩ ሲከፈት ነው የተቀደደው። እንዲያ ከሆነ ሲለጠፍ በሩ ዝግ ነበር ማለት ነው፤ ከተለጠፈ በኋላም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አልከፈተውም። ውስጥ ያለ ሰው ከውጭ አይለጥፍም። ወረቀቱ ሲለጠፍ አባ ጨዋታ ውስጥ ነበር።

ሰዓቱን ከእጁ ፈታ። ከፊቱ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ለምን እንደፈታው ራሱም አላወቀም።

*

ለቀስተኞች በሟቹ እናት ግቢ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድሙ ዓይኑ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ አሁንም ስለ ልጅቷ ይናገራል። ኢንስፔክተሩ ወደ ውሃ በርሜሉ ጠራው።

«ይህን ወረቀት ታውቀዋለህ?»

«የወንድሜ ነው። እሱ የለጠፈው...»

«በሩን ከመቃኑ ጋር ነው የለጠፍከው። በግራ እጅህ ይዘህ፣ በቀኝህ ተጫንከው። ሲለጠፍ በሩ ዝግ ነበር።»

ሰውየው ለማየት እንኳ አልሞከረም። በርሜሉን ያዘ።

«ለእሱ ብዬ ነው» አለ። «ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ ብቻህን አትግባ፣ ብቻህን አትግባ! አይሰማ! በጽሑፍ ካየው ይሰማ ይሆናል ብዬ ነው። ምሳ የወጣ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ እንዲያየው...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አተምኩ፣ ወጣሁ፣ ሄጄ ለጠፍኩ። ፕላስተሩን በጥርሴ ነው የቆረጥኩት። እያፏጨሁ!» እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እያፏጨሁ፣ ጋሼ! በሩ ወፍራም ነው፣ ምንም አያሰማም። እሱ እዚያ ማዶ ቁልፉን ይጫናል፣ እኔ እዚህ ማዶ አፏጫለሁ።»

«የስክሪኑን ወረቀት አላየህም? 'ሎግ አውት አታድርጉ' የሚለውን?»

«አየሁት። ለእሷ መሰለኝ። እኔ የገባሁት በራሴ ስም ነው፣ የእሷን አልነካሁም። በሥልጠናው 'ሥራህን ስትጨርስ ውጣ፣ ክፍት አትተው' ብለውናል፣ ወጣሁ። አወጣጤን እንኳ ሁለቴ ነው ያረጋገጥኩት።» «በሩ ሲከፈት እሷ 'አልደወለም' ብላ ጮኸች። ያኔ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ገብቼ 'ደወል ቀስቅስ' የምትለዋን ነካኋት። ሰውነቴ ነው ያደረገው እንጂ እኔ...»

«ገብቶኛል። እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። ልጅቷስ?»

ሰውየው ፊቱን ወደ ለቀስተኞቹ አዞረ።

«ልጅቷስ፣ ወንድሜ? አሁን የራሷን ጆሮ ትጠራጠራለች። 'ሰምቼ ዝም ብዬ ይሆን' እያለች ግድግዳ ታያለች። እናቷ አግዳሚ ላይ ናቸው።»

«እናቴ 'ማን ገደለብኝ?' አለችኝ። አፌ የእሷን ጠራ። አንዴ ከወጣ በኋላ የምመልስበት ጠፋኝ። በየቀኑ ሰው እየሰማኝ፣ እኔም እያመንኩት...»

«ወንድምህ የሞተው በስህተት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሷ የታሰረችው ግን በስህተት አይደለም።»

ታላቅ ወንድሙ ወደ ቤቱ በር አየ። እዚያ፣ መጋረጃው ወዲያ፣ የአንዲት አሮጊት ሳል ይሰማል።

«ከመሄዳችን በፊት እኔው ልንገራት። ከሌላ አፍ አትስማው።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ፈትቶ በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጠ። «አምስት ደቂቃ» አለ።

ጩኸት ጠብቆ ነበር። አልመጣም። ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ወሬያቸውን አቆሙ፤ ማንም ምን እንደሆነ ሳይነግራቸው። ሰባት ደቂቃ ሲሆን ሰውየው ወጣ። እናቱ ከኋላው ነጠላ ጫማውን ይዘው መጡ፤ በባዶ እግሩ ነበር የወጣው። ቀና ብለው አላዩትም፤ ጫማውን እግሩ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ።

*

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ፕሮግራመሩ አንዱን መስመር ሁለት አደረገው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ እጀታ አስገጠመ፤ ሲገጠም ራሱ ቆሞ ነበር፣ ከረባቱን አላስተካከለም።

ተቆጣጣሪዋ ከአምስት ቀን በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ፈትተዋታል፤ ይቅርታም ጠይቀዋታል። ጫኞቹ ግን ሲያልፉ ዓይናቸውን መሬት ያደርጋሉ፤ እሷም ቢሆን በር ሲንኳኳ «ተንኳኳ?» ብላ ሰው ትጠይቃለች።

«አሁን ሎግ አውት አድርጊ» አላት ፕሮግራመሩ።

«ልውጣበት?»

«ውጪበት። ሰምቶ ዝም ይላል።»

ኢንስፔክተሩ ሦስት ቁጥር ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ብርዱ ወዲያው ጆሮውን ያዘው። ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ቀዩ ቁልፍ ላይ አደረገ። ሦስቴ ተጫነ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ።

ምንም አልተሰማም። ያን ጊዜ ገባው፤ ውስጥ ያለ ሰው ደወሉን አይሰማም። ይጫናል፣ ይጠብቃል። እዚያ ማዶ ተጩኾ ይሆን፣ ጸጥ ብሎ ይሆን፣ የሚያውቅበት መንገድ የለም። አዲሱ እጀታ አጠገቡ ነበር፤ አልነካውም። ቆመ። በመቃኑ ጎን አንዲት ቀጭን የፕላስተር ቁራጭ ወደ ውስጥ ታጥፋ ደርቃለች።

በሩ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዋ በአንድ እግር ጫማ ቆማለች፤ ሌላው ኮሪደሩ መሃል ቀርቷል። ታለከልካለች።

«ሰማሁ» አለችው። «በመጀመሪያዋ ነው የሰማሁት።»

ከዚያ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

«አለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ።